ያጠብኳቸው ዛጎሎች

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ሦስት ማዳበሪያ። አንዱን እንኳ ብቻዬን ማንሳት አቃተኝ፤ ከጓዳ እስከ ሳሎን መሬት ለመሬት ጎተትኩት። አደይ ከአልጋዋ ሆና «ምን ወደቀ?» አለች። ምንም አልወደቀም፣ የአቦይ ዛጎሎች ናቸው አልኳት። እናቴ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበች።

አርባው ባለፈው እሑድ ወጣ። የእድሩ ወንበርና ድስት ተመልሷል፣ የጎረቤት ፍራሽ ተመልሷል። እኔ፣ አደይና ማዳበሪያዎቹ ቀረን።

ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው። አባቴ ያረፈው በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የብሎካችን ሴቶች ሳሎኑን ማስለቀቅ ጀመሩ። ለቅሶ ቤት ነውና ፍራሽ ይነጠፋል፣ ሰው ይቀመጣል። ወጉ ነው፣ ደግነትም ነው። ሶፋው ወጣ። ጠረጴዛው ወጣ። ከዚያ የእድሩ ሴቶች መሪ እትዬ አሰለፈች አጠገቤ መጥተው «ትርሐስ፣ እነዚህ ድንጋዮች የት ይሁኑ?» አሉኝ። ግድግዳውን ሙሉ የያዘውን መደርደሪያ ማለታቸው ነው። አቦይ አርባ ዓመት የለቀማቸው፣ ኦይስተር የሚባሉት የባሕር ዛጎሎች በእንጨት ትሪ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ድንጋይ የሆኑትም፣ ከዘመናችን ባሕር የወጡትም። በእያንዳንዱ ሥር ጣት የምታህል ወረቀት አለች። የት ተገኘ፣ ከየትኛው የድንጋይ ንጣፍ፣ መቼ።

«የትም አድርጓቸው» አልኩ።

እንዳልኩት የትም አደረጓቸው። ትሪዎቹን ማዳበሪያ ውስጥ ገለበጧቸው። ወረቀቶቹ ከፊሉ አብሮ ገባ፣ ከፊሉ ከጥራጊ ጋር ወጣ። በሦስተኛው ቀን ንፍሮ ቀረበልኝና ሳነሳ ከታች አየሁት፤ የአቦይ ትሪ ነው፣ ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል። ንፍሮውን በላሁት።

ቅዳሜ ዶክተር ዮናስ ይመጣል። የአቦይ ተማሪ ነበር፤ አሁን አቦይ ያስተምርበት በነበረው ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ያስተምራል። ስብስቡን የሚረከበው እሱ ነው፣ አቦይ በሕይወት እያለ ቃል ገብቶለታል። በስልክ «በተለይ ትሪ ቁጥር ዘጠኝን አደራ» አለኝ። ትሪ ቁጥር ዘጠኝ አሥራ አንድ ዛጎል ነበረው፤ ሁሉም ጀርባቸው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ሸንተረር አላቸው። አቦይ ማንም ያልገለጸው አዲስ ዝርያ ነው ይል ነበር። ስለ እነሱ ለአሥር ዓመት ሲጽፍ ኖሮ ሳይጨርስ ሄደ። ስሙን የሚያስቀርለት ነገር ቢኖር እነዚያ አሥራ አንዱ ናቸው።

በየትኛው ማዳበሪያ እንዳሉ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ውኃ መጣች! አራብሳ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ዜና የለም። ከሌሊቱ ጀምሮ በርሜሉ፣ ጀሪካኑ፣ ባልዲው ሁሉ ሞላ። ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁ። በረንዳ ላይ ሳፋ አኖርኩ፣ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ፈታሁ።

ቆሻሻ ነበሩ። አቧራ፣ ጭቃ፣ የንፍሮ ሽንብራ ሳይቀር። እንዲህ አድርጌማ ለዶክተር ዮናስ አላስረክብም አልኩ። ሥራዬ እኮ ይሄ ነው፤ አትላስ አካባቢ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ጥርስ ሳጥብ ኖሬያለሁ። አሮጌ የጥርስ ብሩሾች ከቤት፣ ቀጫጭን የጥርስ መፋቂያ ብረቶች ከክሊኒክ ቦርሳዬ። እያንዳንዱን ጎድጓዳ፣ እያንዳንዱን ስንጥቅ። ቢጫ ጭቃ እንደ ሊጥ እየቀለጠ ወጣ። ከሥሩ የሚወጣው ነገር እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ግራጫ፣ ክሬም፣ አንዳንዱ ውስጡ አሁንም ያብረቀርቃል።

እያጠብኩ አለቀስኩ። ደስ የሚል ለቅሶ ነበር። ለአባቴ አንድ ነገር በእጄ የሠራሁለት መሰለኝ።

ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለተኛው ማዳበሪያ ውስጥ አንዱን ባለ ሸንተረር አገኘሁ። ከዚያ ሌላ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሥራ አንዱም ተገኙ። ጮህኩ! አደይ ደንግጣ በዱላዋ እየተደገፈች መጣች። አሥራ አንዱን ከሁሉም አብልጬ፣ ሁለት ሁለቴ አጠብኳቸው። ነጭ ፎጣ ላይ ደረደርኳቸው።

«ውኃውን ጨረስሽው እኮ፣ ጓለይ» አለች አደይ።

«ለአቦይ ነው» አልኳት።

ሁለት ማዳበሪያ ታጠበ። ሦስተኛው ይደር፣ ወገቤ አለቀ። የተረፉትን ወረቀቶች አድርቄ ጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩ። ዛሬ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ርቦኝ በላሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ዶክተር ዮናስ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ከአደይ ጋር ተላቀሱ። ከዚያ ወደ በረንዳው ወሰድኩት፤ እንደ ሙሽራ ቤት አዘጋጅቼዋለሁ፣ ፎጣው ነጭ፣ ዛጎሎቹ ነጭ። ቆመ። ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ፣ ገለበጠው፣ ጎድጓዳው ውስጥ በጣቱ ፈለገ። መልሶ አስቀመጠው። ሌላ አነሳ።

«አጠብሻቸው?» አለኝ፣ በጣም ዝግ ብሎ።

«ሁለት ማዳበሪያ» አልኩ። እየኮራሁ።

አደይ ከኋላችን ሆና «እሷ እኮ ሥራዋ ነው፣ ሲያምሩ አየህ?» አለችው። «አዎ እማማ፣ በጣም ንጹሕ ናቸው» አላት። እስክትገባ ጠበቀ። ከዚያ ነገረኝ።

ወረቀት ሲጠፋ የሚናገረው ጭቃው ነው። ከዓባይ በረሃ የመጣው ቢጫ ነው፣ ከእኛ አገር ከሕንጣሎ የመጣው ግራጫ፣ ከአፋር የመጣው ነጭና ጨዋማ። በጭቃው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ የባሕር ፍጥረታት ቅሪት አለ፤ በእነሱ የትኛው ንጣፍ እንደሆነ ሳይቀር ይታወቃል። ወረቀቶቹ ቢደባለቁም ጭቃው እስካለ ድረስ እያንዳንዱን ወደ ቦታው መመለስ ይቻል ነበር። ይቻል ነበር። እኔ ግን ጭቃውን በበረንዳው ቱቦ ለቀቅሁት።

«አሥራ አንዱስ?» አልኩት።

የአቦይን ረቂቅ አወጣ። ሁሉም ነገር አለ፣ መጠኑ፣ ሥዕሉ፣ የሸንተረሩ ቁጥር። የተገኘበት ቦታ የሚለው መስመር ላይ ግን ባዶ ነው። በጫማ ካርቶኑ ውስጥ ትሪ ዘጠኝ የሚሉ ሁለት ወረቀቶች አገኘን፤ አንዱ ዓባይ በረሃ ይላል፣ ሌላው ሕንጣሎ። የቀሩት ጠፍተዋል፤ ሁለቱም የየትኛው ዛጎል እንደሆኑ አይታወቅም። ቦታው የማይታወቅ ዝርያ አይመዘገብም አለኝ። ማንም አይቀበለውም።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ተቀምጦ ቢያንስ ቤተሰብ ቤተሰባቸውን እንዴት እንደምለይ አሳየኝ፤ ሦስተኛውን ማዳበሪያ እንዳልነካ አስጠንቅቆ። ውጩን አትይ አለኝ። ኦይስተር በግራ ክዳኑ አንድ ነገር ላይ ይጣበቅና ዕድሜ ልኩን እዚያው ይኖራል፤ መልኩ በተቀመጠበት ይወሰናል፣ ወንድማማቾች ጨርሶ ላይመሳሰሉ ይችላሉ። ውስጡን እዪ። ሁለቱን ክዳን የሚዘጋው አንድ ጡንቻ ብቻ ነው፣ የነበረበት ቦታ ጠባሳ ይተዋል። እውነቱ ያለው ጠባሳው ላይ ነው አለ።

ሲሄድ በሩ ላይ እጄን ይዞ ቆየ። «ፕሮፌሰርም ሳይታጠብ አያስቀምጡም ነበር፤ ግን ጭቃውን በብልቃጥ ካኖሩ በኋላ» አለ። ለማጽናናት ይሁን ለማስተማር አልገባኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ።

ቀኑን ሙሉ ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጬ ስለይ ዋልኩ። የተማርኩት፦

ጠባሳው እንደ ቦሎቄ የተቆለመመ፣ እሱ ሰው የሚበላው ኦይስተር ቤተሰብ ነው፤ በሕይወት ያሉትም፣ ከሞቱ ስፍር ቁጥር የሌለው ዘመን ያለፋቸውም።

ጠባሳው እንደ አተር ክብ፣ እሱ ሁለተኛው ቤተሰብ ነው። አብዛኞቹ አልቀው ድንጋይ ሆነዋል። የአንዳንዶቹ ክዳን በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ዳቦ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው።

ዕንቁ የምትሠራዋ ደግሞ ዘመድ ትመስላለች እንጂ የቅርብ ዘመድ አይደለችም። አቦይ ማስታወሻው ላይ «ጎረቤት፣ በለቅሶና በሰርግ የምትመጣ» ብሎ ጽፎባታል። ሳቅሁ። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ደግሞ ያው ለቅሶ ሆነ።

አሥር ሰዓት ላይ እትዬ አሰለፈች ሊጠይቁን መጡ። መሬት ላይ ያለውን አዩና «ያኔ የገለበጥናቸው ናቸው?» አሉ። አዎ አልኩ። ጥርሴን ነክሼ። ልቤ ውስጥ አንድ ሺህ ነገር ነበር። ግን ምን ልበላቸው? ጠይቀውኛል፣ መልሻለሁ።

ነጠላቸውን አስተካክለው አጠገቤ ቁጭ አሉ። አንድ ጊዜ አሳየኋቸው። ምስር እንደሚለቅም ሰው ጀመሩ፤ ቦሎቄ እዚህ፣ አተር እዚያ። በአንድ ሰዓት የሠሩትን እኔ ጠዋቱን ሙሉ አልሠራሁም። አንዱን ይዘው ቆም አሉና «ይቺስ ሁለቱንም አይደለች» አሉ። እውነት ነው፣ ጎረቤቲቱ ነበረች።

ሲነሱ «ጥፋት ሠርተናል አይደል?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ያልኳችሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ግንባሬን ሳሙኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ሥራ። ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ አትላስ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ።

ከታካሚዎቼ አንዱ እዚያው ሰፈር ያለ ሆቴል ምግብ አብሳይ ነው። ጥርሱን እያጠብኩ፣ አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት ሳይችል፣ ኦይስተር ታቀርባላችሁ ወይ አልኩት። በእጁ አዎ አለኝ። ሲጨርስ «ሐሙስ ሐሙስ በረዶ ላይ ይመጣል፤ ለምን ፈለግሽው፣ ልትበዪ?» አለ። ቅርፊቱን ብቻ አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። ግን በምሳ ሰዓት ሰባት ቅርፊት በፌስታል ላከልኝ፣ ጭራሽ አልታጠበም። ከእንግዲህ ያልታጠበ ነገር ደስ ይለኛል።

አደይ ፌስታሉን ከፍታ አማተበች። «ይሄ ይበላል?»

«ፈረንጅ ይበላዋል። ከነነፍሱ።»

«እሰይ አባትሽ ድንጋይ የሆነውን መረጠ» አለች። ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነው።

ከሰባቱ አንዱ አልተከፈተም ነበር። አብሳዩ የሞተ ነው ብሎ ጥሎት ይሆናል። ሁለቱ ክዳን ግጥም ብለው ተዘግተዋል፤ ነቀነቅሁት፣ ውስጡ ውኃ ተንቦጫቦጨ። ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ፎጣው ላይ ወዳሉት አሥራ አንድ ሮጥኩ።

አሥሩ ነጠላ ክዳን ናቸው። አሥራ አንደኛው፣ ትንሹ፣ ሁለቱም ክዳን አለው። ተዘግቷል። በብሩሽ ዙሪያውን ስፍቀው ልብ አላልኩትም ነበር። ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ውስጡ ሙሉ ነው።

ውስጡን ውኃ አልነካውም!

ዶክተር ዮናስ ጋ ደወልኩ። ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። ጭቃው ካለ ቦታው ይገኛል አለ። ግን ለማውጣት መከፈት አለበት፤ ሙሉ የሆነው እሱ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ነገር ሲከፈት ብትንትኑ ሊወጣ ይችላል። ያ ከሆነ ካሉት ሁሉ የተሻለውን ናሙና እናጣለን። «ውሳኔው ያንቺ ነው» አለኝ።

ውሳኔ ከእኔ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን የሠራሁትን አላየም እንዴ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ወሰንኩ። ለአደይ አልነገርኳትም።

ዛጎሉን በጥጥ ጠቅልዬ፣ በምሳ ዕቃ ውስጥ፣ ታክሲ ላይ ጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ። የክሊኒካችን ባለቤት ዶክተር ሂሩት ናት። በምሳ ሰዓት ሁሉን ነገርኳት። አልሳቀችም። በአጉሊ መነጽሯ ቀና ዘቅዘቅ አድርጋ አየችው። «ለምን ይሰበራል? እንሰርስረው እንጂ» አለች። ለጥርስ ሥር የምንጠቀምበትን ቀጭኑን መሰርሰሪያ አወጣች።

«ልሥራልሽ?» አለችኝ።

እኔ አጣቢ ነኝ። መሰርሰሪያ ይዤ አላውቅም። ግን እምቢ አልኩ። አሥራ አንዱን ያጠብኩ እኔ፣ ይህንንም ብሰብር እኔ ልስበረው። ሂሩት ክርኔን ደገፈችኝ፣ ውኃውን ዘጋችው። ያለ ውኃ መሰርሰር ከባድ ነው፣ ይግላል፣ ይሸታል፤ ውኃ ከገባ ደግሞ ጭቃውን ያበላሸዋል። ትንሽ ሰርስሮ ማረፍ። ትንሽ ሰርስሮ ማረፍ። የተቃጠለ አጥንት የመሰለ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አንድ ጊዜ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ነፍሴ ወጣች። ጥርስ ብትሆን ኖሮ ታካሚው በጮኸ ነበር።

አልተሰበረም። መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ ተከፈተች። ሂሩት ሰሃን ከሥር ያዘች፣ እኔ ቀስ ብዬ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት። ቢጫ ዱቄት ወረደ። ጥቂት ነው፣ የሻይ ማንኪያ ጫፍ አይሞላም። ብልቃጥ ውስጥ ከተትነው።

ሁለታችንም ምሳ አልበላንም። ቢጫ ነው፣ ቢጫ ነው እያልኩ ከሰዓት በኋላ የአራት ሰው ጥርስ አጠብኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ጠዋት ብልቃጡንና ዛጎሎቹን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ወሰድኩ። የአቦይ የድሮ ቢሮ አሁን የዶክተር ዮናስ ነው። ወንበሩ ያው ነው፣ የእጅ መደገፊያው የተላጠው።

ዱቄቱን በማይክሮስኮፕ ብዙ አየው። እኔ ግድግዳውን አይ ነበር። ቀና ሳይል «ዓባይ በረሃ» አለ። ከዚያ «ከደጀን ወደ ታች ሲወረድ ያለው ቢጫ ንጣፍ። እርግጠኛ ነኝ» አለ። እኔንም አሳየኝ፤ ስኳር የሚያካክሉ ጥቃቅን ነገሮች፣ አንዳንዱ ቅቤ የተቀባ ይመስል የሚያብረቀርቅ። እነሱ ናቸው የመሰከሩት።

ቦታው ተገኘ። የአቦይ ዝርያ ተረፈ።

ታክሲ ውስጥ ከኦሎምፒያ እስከ መገናኛ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሶፍት ሰጠችኝ፣ ምን እንደሆንኩ ሳትጠይቅ። እግዜር ይስጣት።

ቤት እንደገባሁ ለአደይ ነገርኳት፤ አጥቤ እንዳጠፋሁት፣ አሁን እንደተገኘ፣ ሁሉን ባንዴ። እሷ ግን «እሰይ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንዲያው ደክሟት ይሆናል። አስቀይሜያትም ይሆናል፣ አጥፍቼ ስለደበቅኳት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ዶክተር ዮናስ «ከቻልሽ ዛሬ ነዪ» አለኝ። ድምፁን ስሰማ ደስ አላለኝም።

ከዚያው ከቢጫው ንጣፍ ድሮ የተሰበሰበ መሳቢያ ሙሉ ናሙና አለ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ። ቦታውን ስላወቀ ከፍቶ አየው። መሳቢያው ውስጥ ሌላ ፍጥረት አለ፣ ኦይስተር ያልሆነ፣ ጀርባው ሸንተረር ሸንተረር የሆነ ትልቅ ዛጎል። ከአቦይ አሥራ አንድ አንዱን አነሳና በዚያ ጀርባ ላይ አስቀመጠው። እንደ ድስት ክዳን ገጠመ። ሸንተረር በሸንተረር።

ሸንተረሩ የራሳቸው አይደለም። በዚያ ፍጥረት ጀርባ ላይ ተጣብቀው ያደጉ፣ ማንም የሚያውቃቸው ተራ ኦይስተሮች ናቸው። የተቀመጡበትን መልክ ያዙ። አዲስ ዝርያ የለም።

ዶክተር ዮናስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ፕሮፌሰር ይህን እንዴት ሳያዩ ቀሩ?» አለ። «ለእኛ ያስተማሩን የመጀመሪያው ነገር እኮ ነው።»

ሌላም ነገር ነገረኝ። ስብስቡን በሙሉ ይረከባሉ። ሦስተኛው ማዳበሪያ ለጥናት፣ ያጠብኳቸው ደግሞ ተማሪዎች በእጃቸው እንዲይዟቸው። የአቦይ ስም ስብስቡ በሚቀመጥበት ክፍል በር ላይ ይለጠፋል። ጥሩ ነው፣ አመሰገንኩ። ግማሹን አልሰማሁትም።

እዚህ ልናገረው፣ ሌላ ቦታ አልናገረውም፤ እኔ አጥፍቼው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የእኔ ጥፋት ቢሆን አባቴ ትክክል ሆኖ ይቀር ነበር። እኔ መርፌ አስገብቼ አሥር ዓመቱን አፈሰስኩበት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ለአደይ መናገር አልቻልኩም። ጠዋት አልቻልኩም፣ ማታም። ሁለት ጊዜ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። ምስኪን፣ ባሏ አንድ ነገር እንዳገኘ አምና ትሙት ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ዶክተር ዮናስ ሲመጣ ይነግራት ይሆናል።

ክሊኒክ ውስጥ አንዲት ሴትዮ አስደማኋት። ይቅርታ ጠየቅሁ። ዶክተር ሂሩት ነገ አትምጪ አለችኝ፣ በደግነት።

ውኃ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ነገርኳት።

ጠዋት ፀሐይ በረንዳው ላይ እንደወጣ ወንበር አወጣሁላት፣ እግሯን ጨርቅ አለበስኩላት፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዙሪያ ጥምጥም አላልኩም። አደይ፣ የአቦይ ዝርያ አዲስ አይደለም፣ ሸንተረሩ የሌላ ነው አልኳት። እንድትጮህ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለች።

መጀመሪያ ያልሰማችኝ መሰለኝ። ደገምኩላት።

«አውቃለሁ እኮ አልኩሽ፣ ጓለይ። እሱም ያውቅ ነበር። ካቻምና ነው ያወቀው። እዚሁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ‘ሸንተረሩ የራሳቸው አይደለም፣ ተሸወድኩ’ አለኝ። አንድ ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ተነስቶ ትሪውን ወደ ቦታው መለሰው።»

ታዲያ ለምን ለዶክተር ዮናስ አልነገረውም? ለምን ረቂቁን አልቀደደውም? ለምን ትሪ ዘጠኝ እንደዚያው ተቀመጠ? እየጮህኩ ነበር መሰለኝ፤ ከታች ያሉ ልጆች ጨዋታቸውን አቁመው ቀና አሉ።

አደይ እጇን ራሴ ላይ አደረገች።

«ለዮናስማ ሊነግረው ነበር። አንቺን ነው የፈራው።»

«እኔን?»

«ማታ ከሥራ ስትገቢ በሩ ላይ ጫማሽን እያወለቅሽ ‘አቦይ፣ አዲሱ ዝርያህ ደረሰ ወይ?’ ትዪው ነበር። ሌላ የምትጠይቂው ነገር አልነበረሽም። ደክሞሽ ነው የምትገቢው፣ ማን ይፈርድብሻል። ‘አዲስ ዝርያ የለም ብዬ ከነገርኳት ነገ ምን ብላ ታናግረኛለች?’ አለኝ።»

ፀሐይዋ እስክትዞር እዚያው ተቀመጥን። አላለቀስኩም። ለማስታወስ እየሞከርኩ ነበር። ጥያቄውን አስታውሳለሁ፣ ጫማዬን አስታውሳለሁ፣ ወደ ጓዳ ሳልፍ የመደርደሪያውን ጠርዝ በክርኔ እንደምነካ አስታውሳለሁ። መልሱ ግን ጠፋኝ።

«አደይ፣ ምን ብሎ ነበር የሚመልስልኝ?»

«‘ገና ነው’ ይልሽ ነበር።»

አዎ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ገና ነው አለኝ።